ደብረ ዘይት ደርሶ መልስ

ዛሬም በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ ግራሶና ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎ ከሸተተኝ፣ እግሬ ሳይነቃነቅ ልቤ አቃቂ ይደርሳል። ሌላው ሰው የልጅነት ቤቱን በምን እንደሚያስታውስ አላውቅም፤ የእኛ ቤት ግን ግራሶ ግራሶ ይል ነበር፤ አባዬ ብስክሌቱን የሚፈታውም፣ የሚያጥበውም፣ መልሶ የሚገጥመውም ሳሎናችን መሀል ነበርና። እማዬ «ይሄ ቤት ነው ወይስ ጋራዥ?» እያለች ብትነጫነጭም፣ የብስክሌቱን ካቴና የሚወለውልበትን ጨርቅ እየቀደደች የምታቀብለው ራሷ ነበረች።

ክረምት ሲገባ ብስክሌቱ ከጣሪያው ማገር ላይ ይሰቀል ነበር። ወንዙ ሞልቶ ከታች ሲያጓራ፣ መንገዱ በጭቃ ሲላቁጥ፣ አባዬ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃውን ጨርሶ ይመጣና፣ ከብስክሌቱ ሥር ቁጭ ብሎ የውድድሩን ታሪክ ያወራልን ነበር። በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በአንድ እሑድ የሚደረግ ውድድር ነበር፤ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ፣ በሳሪስ አቦ፣ በቃሊቲና በእኛ ደጅ አልፎ፣ ደብረ ዘይት ደርሶ በዚያው መንገድ ይመለሳል። እንደ አባዬ አባባል የተጀመረው ጣሊያን ጥሎት በሄደው ብስክሌት ነው፤ ያን ጊዜ የአንዱ ፍሬን ቢኖር ኮርቻው አይኖርም። በጃንሆይ ዘመን ለአሸናፊው ዋንጫ ይሰጥ ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ዋንጫው ቀርቶ ባንዲራ ሆነ፣ ንግግሩም ረዘመ፣ ድሮ ወደን የምንወጣውን ሰዎች ቀበሌ በድምፅ ማጉያ እየጠራ ያስወጣን ጀመር። መንገዱ ግን ያው መንገድ ነበር።

አባዬ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያልተወዳደረበት ዓመት አልነበረም፤ አንደኛ የወጣበት ዓመትም አልነበረም። ሁለተኛነትን እንደ ርስት ስለያዘው የሰፈሩ ሰው «ምክትል» ይለው ነበር። ሁሉም ሰው ሊቀመንበር ወይ ምክትል በሆነበት በዚያ ዘመን ስሙ ተስማምቶት ቀረ፣ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

የማይስቁት አያቴ ነበሩ። የአባዬ አባት ናቸው፤ ባቡር ሥራ ላይ አርጅተው ጡረታ ወጥተው ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር። ጥንት ልጃቸውን ባቡር ለማስቀጠር ስንት ደጅ ጠንተው፣ በመጨረሻ አንድ አለቃ «እሑድ ቤቴ ይዘኸው ና» ቢሏቸው፣ ያን እሑድ ማለዳ አልጋው ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ልጁ ለውድድሩ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መሶብ እየበሉ፣ ስለ ኑሮው ሁሉ እየተመካከሩ፣ የብስክሌት ነገር ከተነሣ አያቴ ጋቢያቸውን ይከናነቡ ነበር። የውድድሩ ዕለት ከቅዳሴ ሲመለሱ ጓዳ ገብተው በሩን ይዘጋሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደብረ ዘይት ደርሰው እንደሚመለሱ ብነግራቸው፣ «ሄዶ ለመመለስማ ምን አስወጣው?» አሉኝ።

አንድ ዓመት፣ መስከረም ጠብቶ መንገዱ ደርቆ አባዬ ልምምድ እንደጀመረ፣ የፋብሪካው የስፖርት ኮሚቴ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የሚወዳደሩት ወጣቶች ብቻ ናቸው ብሎ ወሰነ። የዚያ ዓመቱ ለአባዬ የመጨረሻው መሆኑ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሳቁን ተወ፤ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ አንደኛ መውጣት ፈለገ፣ ፍላጎቱም ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። እማዬ ከቀበሌ ሱቅ የምናገኘውን ስኳር ከእኛ ሻይ እየቀነሰች ለእሱ በሶ ታጠራቅም ጀመር። በጋውን ሙሉ ሻያችንን መራራውን ጠጣን፣ ማንም አላጉረመረመም፤ ከእኔ በቀር ማለቴ ነው።

ጥር ደረሰ። የውድድሩ ዕለት ብስክሌተኞቹ በጠዋት ተግተልትለው ወደ ደብረ ዘይት አለፉ፣ እኛም ደጃችን ላይ መመለሳቸውን መጠበቅ ያዝን። ፀሐዩ ሲከር ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ፣ የወሎ ሰውና የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፣ ከዱከም በኩል መጥተው መኪናቸውን ዳር አስይዘው ወረዱና፣ «ምክትል ብቻውን ነው፤ ሌሎቹ በሩቁ ነው የሚከተሉት» አሉ። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። እማዬ የበሶውን ጠርሙስ ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች።

ያን ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተ። አያቴ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡና መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አባዬ ከጠመዝማዛው ብቅ አለ፤ ብቻውን ነው፣ ጎንበስ ብሎ ይረግጣል። አያቴም ከድንጋዩ ተነሡ።

ነገሩ ይኸው ነው፣ ተነሡ። በደንብ ለማየት ይሁን ልጃቸውን ለመቀበል፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በእኛ ዘንድ ግን አባቱ ተነሥቶለት ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ የሚያልፍ ልጅ የለም፤ በበቅሎ የሚሄድ እንኳ ይወርዳል። አባዬ ቀና ሲል አያቸው፣ ፍሬን ያዘ፣ ወረደና ብስክሌቱን አስተኝቶ ጉልበታቸውን ሳመ። አያቴ ውድድር አይተው አያውቁም፤ ደጁ ደርሶ የወረደ ሰው ጉዞውን ጨርሷል ብለው፣ እንደ ወጉ ሰላምታቸውን ጀመሩ።

«እንደምን ዋልህ ልጄ፣ ደከመህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ እንደምን ዋሉ?»

«ደኅና ነኝ። ደብረ ዘይት አገሩ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው አባቴ» አለ አባዬ እያለከለከ። እማዬ ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ከትታ ነክሳለች፤ ሽማግሌ ሲናገር ማን ያቋርጣል? በዚህ መሀል የሚከተሉት ደርሰው ሽው እያሉ አለፉ፤ አንዱ ምርቃት መስሎት ከኮርቻው ላይ ሆኖ እጅ ሲነሣ ቦይ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። ምርቃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አያቴ እጃቸውን ዘርግተው፣ «በል፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አሉት፣ አባዬም አሜን ብሎ ሄደ።

አራተኛ ወጣ። ምክትልነቱንም አጣ ማለት ነው። ሰፈሩ ከሰዓት በኋላውን እንደ ለቅሶ ቤት ዋለ፤ አያቴ ነገሩን ከጋሽ ሰይድ ሰምተው፣ አባዬ ሲመለስ፣ «ታዲያ ለምን አላለፍከኝም?» ሲሉ ጠየቁት።

«ውድድሩ በየዓመቱ ነበር» አለ አባዬ። «አንቱ የወጡት ዛሬ ነው።»

አያቴ ብስክሌቱን አምጡልኝ አሉ፣ ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ እያደረጉ በምን ኃይል እንደሚይዝ ጠየቁት፣ እሱም ያስረዳቸው ጀመር። እማዬ የተረፈውን ስኳር ሁሉ ሻያችን ላይ ገለበጠችው። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

አሁን አያቴ የሉም፣ መንገዱም ሰፍቶ ዳር እስከ ዳር መኪና ነው። አባዬ አርጅቶ ገላን ኮንዶሚኒየም እኔ ዘንድ ይኖራል፤ የሚኖረው ደስ ብሎት ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው። ልጄ ከሥራ ሲገባ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ «ሰላም አባባ» ብሎት ወደ ክፍሉ ያልፋል። እኔ ደሜ ይፈላል፣ ተመለስና አያትህን በወጉ ሰላም በል ልለው አፌን ስከፍት አባዬ እጄን ይይዘኛል።

«ተይው» ይለኛል፣ «ልጁ ቸኩሏል። እኔም ያኔ ቸኩዬ ነበር።»