ከእንግዴ ልጁ የተወሰደው

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሰዓት እላፊ ከደረሰ እንግዳ ባለበት ያድር ነበር። እናቴ ትንሹን ወንድሜን የተገላገለች ዕለትም አዋላጇ እትዬ ዘሃራ መሽቶባቸው እኛው ዘንድ ቀሩ። አባቴ ዘምቶ ስለነበር ሰው በማግኘታችን ደስ አለኝ። ደግሞም ተረት ያውቃሉ፤ ተረታቸው ግን እንቅልፍ የሚያስወስድ አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ ያኔ ታሞ መደብ ላይ ተኝቷል። አፍንጫው በየጊዜው ይደማል፣ አጥንቴን ይላል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ጤና ጣቢያ ደም አንሶታል ብለው ክኒን ሰጡት፤ ክኒኑ አለቀ፣ እሱ ግን አልተነሣም። አዲስ ልጅ ተወልዶልን እንኳ ቤታችን ውስጥ የሚወራው በሹክሹክታ ነበር።

እትዬ ዘሃራ የእንግዴ ልጁን ጓሮ ቀብረው፣ ጅብ እንዳይቆፍረው እሾህ ከምረውበት ገቡ። ለትንኝ ያጨስነው ኩበት ቤቱን ስለሞላው ኩራዙ ደብዝዞ፣ በፍሙ ብርሃን የፊታቸው ግማሽ ብቻ ይታየኛል። ለምን እንደሚቀበር ጠየቅኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሕፃኑን ያሳደገው እሱ አይደል? የሕፃኑ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም» አሉና ጀመሩልኝ።

ድሮ ቀወት ውስጥ ልጁ ታሞ ሊሞትበት የደረሰ ገበሬ ነበር። አንድ መንገደኛ መጣና፣ ሚስትህ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ሳይበርድ ስጠኝ፣ ታላቁን አድንልሃለሁ አለው። ሰጠው። መንገደኛው በሩን ዘግቶ ያደረገውን ማንም አላየም፤ ሲነጋ ልጁ ተነሥቶ እህል ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ግን ሕፃኑን በስሙ ሲጠሩት ታላቁ «አቤት» ይል ጀመር። አንድ ቀን ሕፃኑ እሳት ውስጥ እጁን ከተተ፤ አላለቀሰም። ወንዝ ወርዶ የነበረው ታላቁ ግን እየጮኸ መጣ፤ መዳፉን ሲገልጡት ተቃጥሏል።

«ታዲያ ሕፃኑን ማን አስፈቀደው?» አሉ እትዬ ዘሃራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መናገር ስለማይችል ወሰዱበት እኮ። ወላሂ ያስፈራል።»

በዚህ መሃል ሕፃኑ ነቅቶ ሲያለቅስ ሙሉጌታም በእንቅልፉ አቃሰተ፤ ወደ እትዬ ዘሃራ ተጠጋሁ። ተኝታለች ያልናት እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተናገረች።

«እትዬ ዘሃራ፣ ታላቁ ግን ዳነ?»

«ዳነ ይባላል።»

«የኛውንስ ጓሮው ውስጥ የት ጋ ነው የቀበሩት?» አለቻቸው እናቴ።

እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን ተከናንበው ተነሡና ጀርባቸውን ለጓሮው በር ሰጥተው ተቀመጡ፤ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቁም።

ሙሉጌታ ማሽላው ሳይታጨድ ሞተ። ዛሬ ከእትብትና ከእንግዴ ልጅ ደም ስቴም ሴል የሚሉትን እየወሰዱ፣ ደሙ የታመመ ሰው እንደሚያክሙበት እሰማለሁ። የታመመውን እንዲያድንላቸው ብለው ሌላ ልጅ የሚወልዱም አሉ አሉ። አንዳንዱ ይህ እንዴት ይሆናል ይላል፤ ሌላው የእትብቱ ደም እንደሆነ የሚጣል ነው፣ ማንን ጎዳ ይላል። እኔ ብዙ ጊዜ ከእትዬ ዘሃራ ወገን ነኝ፤ ሕፃኑን ማን አስፈቀደው እላለሁ። እንዲህ ባልኩ ቁጥር ግን «ታላቁ ግን ዳነ?» ያለችው የእናቴ ድምፅ ይመጣብኛል። ያን ማታ እኔ መንገደኛው እንዳይመጣ ፈርቼ ነበር፤ እናቴ ግን እየጠበቀችው ነበር።