ሐኪሙን «ፋይን ነኝ» ያልኩበት ቀን

ከጉለሌ የወጣሁ ማታ እማዬ እስከ ታክሲው ሸኘችኝ። «ሁለት ዓመት ምን አላት? ትመጫለሽ» እያለች ራሷን ታጽናናለች። ይኸው ስድስት ዓመቴ። መጀመሪያ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠራሁ፤ እመቤቲቱ ከደረጃ ገፍትራኝ ትከሻዬ ወለቀ፣ እስከ ዛሬ ክንዴን ወደ ላይ አላነሣም። አሠሪዎቼ ለሽርሽር እንግሊዝ ይዘውኝ ሲመጡ ጠፋሁና ጥገኝነት ጠየቅኩ። ያለ ወረቀት ደግሞ ሄዶ መመለስ የለም። እማዬን ኩላሊቷ ጥሏታል፤ ዘንድሮ ካላየኋት መቼ ላያት ነው?

እዚህ አገር «ፋይን» የማይባል ነገር የለም። ሰማዩ ከእንጦጦ ክረምት ብሶ ሳምንት ሙሉ ሲያዘንብ ከርሞ ለአንድ ሰዓት ካባራ፣ ፋይን ነው። አከራዬን «ግድግዳው ሻገተ እኮ» ስለው በጣቱ ነካ አድርጎ «ኢትስ ፋይን» አለኝ። «እንግዲያው አንተ እደርበታ!» አልኩት በአማርኛ። ጎረቤቴን ሻይ ልጨምርልሽ ስላት «አይም ፋይን» አለች። እኔ ምን አውቄ፣ «በሞቴ» ብዬ ሞላሁላት። ደንግጣ አየችኝ፤ ለካ በቃኝ ማለቷ ነው።

እኔን የገደለኝ ግን የሐኪሙ ነው። ጉዳቴን መርምሮ ለኢሚግሬሽን የሚጽፈው እሱ ነበር። አስተርጓሚ በስልክ ነበረልኝ፤ ጨዋ ልምሰል ብዬ ራሴው መለስኩ።

«ሀው አር ዩ?»

«ፋይን፣ ቴንክ ዩ።»

«ትከሻሽስ?»

«ፋይን።»

«እንቅልፍስ?»

«ፋይን።»

እኛ ሰፈር የታመመ ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል። ጠያቂው «ኧረ ተዪ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም» ብሎ ይወተውታል፤ ያኔ ነው ሕመሙ የሚወራው። እኔም እስኪወተውተኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። «ግሬት!» አለና ኮምፒውተሩን ዘጋ።

ሐኪሙ «ፋይን ናት» ብሎ ስለጻፈ ጥገኝነቱ ተከልክሏል የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ጠበቃዬ ንድድ አላት።

«ለምንድነው ፋይን ነኝ ያልሽው?»

«ታዲያ ከማላውቀው ሰው ጋር ገና ስገባ በእሮሮ ልጀምር?»

«አዎ! የሄድሽው ለዚያ ነው!»

ምነው አፌን በቆረጠው! ይግባኝ አልን፣ እሱም ወደቀ። ከእንግዲህ የሚጠየቅበት በር የለም አለችኝ።

ትናንት እህቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬስ?»

«ደህና ናት።»

«እስቲ አገናኚኝ።»

«ተኝታለች።»

እዚያ ቀትር ነው። ከኋላዋ ብዙ ሰው በዝግታ ሲያወራ፣ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል። ደግሜ ልጠይቃት ፈለግኩ፤ ፈራሁ።

«በይ፣ ስትነሣ ሳሚልኝ» አልኳትና ዘጋሁት።