ለልጄ ህንድኛ ስተረጉም

ልጄ አትላንታ ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እና አሁንም «እርስዎ» ትለኛለች። «ጨው ያቀብሉኝ»፣ «መብራቱን ላጥፋልዎት?»፣ «ደህና ይደሩ»። በገዛ ቤቴ የቀበሌ ሊቀመንበር የሆንኩ መሰለኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ዲቪ ደርሶኝ ስወጣ ገና ዳዴ ትል ነበር። እሷንና እናቷን ለማምጣት ስምንት ዓመት ፈጀብኝ፤ እስከዚያ ድረስ በስልክ ካርድ «እንዴት ነዎት?» ተብሎ የሚጠየቅ ድምፅ ብቻ ነበርኩ።

«አንተ በይኝ» አልኳት።

«እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ በትንሽ በትልቁ ቱግ የምል ሰው ነኝ። ቱግ አልኩ፣ «አባትሽ ነኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩ፣ ጭራሽ እጅ ነሳችኝና ወደ ክፍሏ ገባች። ሚስቴ በሳቅ ልትሞት ደረሰች። «እንዲህ እየጮህክባት ነው አንተ የምትልህ?» አለችኝ። «ቅዳሜ ይዘሃት ውጣ። እኔ መሃል ካለሁ አትለምድህም።»

ዱሉዝ በሚባለው የአትላንታ ዳርቻ፣ ፎርክሊፍት የምነዳበት ዌርሃውስ አጠገብ፣ የህንድ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ቤት አለ። በሩ ላይ ዝሆን፣ ውሻና ጦጣ ያለበት ትልቅ ፖስተር ተለጥፎ አይቼ ነበር። ልጄ ለእንስሳ ሟች ናት። እኔን ገና ሳትለምድ፣ አፓርትመንታችን ግቢ ለሚሯሯጡት ሽኮኮዎች በሙሉ ስም አውጥታላቸዋለች፤ እነሱን «አንተ» እና «አንቺ» ነው የምትላቸው። በሽኮኮ ቀናሁ፣ ምን ልደብቅ። ፊልሙን ስነግራት ዓይኗ በራ፤ ወዲያው ግን «ቋንቋው አይገባኝም» አለች።

«ግድ የለሽም፣ እኔ አለሁልሽ! ህንድኛ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው» አልኳት።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ልጅ ሆኜ መርካቶ ሲኒማ ቤት ውስጥ የፈጀሁት ጊዜ ትምህርት ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ የህንድ ፊልም የተረፈኝ ስምንት ቃል ነው፤ አራቱ ስለ ፍቅር፣ ሁለቱ ስድብ፣ የቀሩት «ና» እና «ሂድ»። በእነዚህ ስምንት ቃላት ለሰፈር ልጅ ሁሉ ስተረጉም አድጌያለሁ። ማንም ተሳስተሃል ብሎኝ አያውቅም፤ ማን አውቆ!

ቅዳሜ ፓርክ አድርጌ ገባን። ህንዶቹ ከነቤተሰባቸው አዳራሹን ሞልተውታል። ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ሽማግሌ ወንዝ ውስጥ ዝሆኑን እያጠበ ያወራል። ጆሮዬን ቀሰርኩ። ከስምንቱ ቃል አንድም የለ! ከስር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይኖራል ብዬ ነበር፣ እሱም የለ። አጠገቤ ወደተቀመጡት ህንዳዊት እናት ዘንበል ብዬ በእንግሊዝኛ «ሂንዲው ለምን እንዲህ ፈጠነ?» አልኳቸው።

«ሂንዲ አይደለም እኮ፣ ታሚል ነው» አሉኝ።

ክው አልኩ። ቋንቋ በየወንዙ ከሚለዋወጥበት አገር መጥቼ፣ ያን የሚያህል አገር በአንድ «ህንድኛ» ጠቅልዬ ኖሬያለሁ። ወይ መሃይምነት!

«ምን አለ?» አለችኝ ልጄ።

አላውቅም ማለት ምን ነበረበት? አንድ ቃል ናት። ግን ስምንት ዓመት ሙሉ የጠፋ አባት በመጀመሪያው ጥያቄ «አላውቅም» ይላል? «እናቱ ሞታበት ነው» አልኳት፣ የሽማግሌው ፊት የጠወለገ ስለመሰለኝ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ታዲያ ለምን ይስቃሉ?»

«እነሱ አገር ሐዘንተኛ የሚያጽናኑት እንዲህ ነው።»

አጠገቤ ያሉት እናት ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ። ልጄ «ነፍስ ይማር» በሚል ዓይን አየቻቸው። ከዚያማ ቀደዳዬን ማን ያቁመው! ነጭ በነጭ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ ፈገግ እያለ መጣ።

«ማን ናቸው?»

«የሽማግሌው ወንድም ናቸው። ናፍቀውት ከሩቅ አገር መምጣታቸው ነው። ዝሆኑን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ፣ እንደ ልጃቸው የሚወዱት ሰውዬ የዝሆኑን እግር በሰንሰለት አስጠፍረው፣ በጭነት መኪና ጭነውት እብስ አሉ። ሽማግሌው መሬት ላይ ተደፍቶ ቀረ።

ልጄ ከወንበሯ ብድግ አለች። «አንተ ውሸታም!»

አዳራሹ ዞሮ አየን። አማርኛ የሚያውቅ ባይኖርም ስድብ መሆኑ ለማንም አይጠፋም። እሷ ክው ብላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አምልጦኝ ነው» አለች፣ ልታለቅስ ደርሳ።

እኔ ግን ደስታው ሊገድለኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ስድብ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። «አይ፣ አይ፣ ድገሚው!» አልኳት።

የምፈትናት መስሏት ትንሽ አየችኝ። «አንተ ውሸታም» አለች፣ ቀስ ብላ።

«በደንብ!»

«አንተ ውሸታም! ህንድኛ አትችልም!»

«አልችልም» አልኩ።

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ልንገርህ! ሽማግሌው ዝሆኑን ፍለጋ ውሻውንና ጦጣዋን አስከትሎ ጫካ ለጫካ ሲንከራተት፣ ልጄ ሁሉንም አስተረጎመችልኝ። ውሻው እግሬን አመመኝ እያለ ይነጫነጫል። ጦጣዋ አቋራጭ አውቃለሁ እያለች ታሳስታቸዋለች። ነብሩም የመጣው ሊበላቸው ሳይሆን መንገድ ጠፍቶት ነው። ከእኔ ትርጉም ሺህ ጊዜ ይሻላል፤ ቢያንስ ከምናየው ጋር ይሄዳል።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ዝሆኑን አገኘው። ዝሆኑ ግን አልሮጠለትም። ኩምቢውን አንጠልጥሎ፣ ቆሞ ዝም ብሎ ያየዋል።

«አሁንስ ምን አለው?» አልኳት።

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ለምን ቆየህ? ነው የሚለው» አለች።

ሽማግሌው መናገር ጀመረ፤ ረጅም ንግግር ነው፣ በታሚል።

«እሱስ ምን አለ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ወረቀት አላልቅ ብሎኝ ነው፣ ይለዋል።»

አሰበች። «ለዝሆንም ወረቀት ይጠየቃል እንዴ?»

«ይጠየቃል» አልኩና ያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ዝም በል፣ ሰው ያየናል» አለችኝ፣ እጅጌዬን እየጎተተች።