በሸራ ላይ የመጣ መርዶ

ሲኒማ የሚሉት ነገር ሲነሳ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ልጆቼ «አባባ፣ ሥዕል እኮ ነው» ይሉኛል። ሥዕልማ አውቃለሁ፤ ያደግሁት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል እያየሁ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሥዕሉን የሚያዞረው እጅ ነው።

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ የትርጓሜ ተማሪ ነበርሁ። ቅኔውን ጨርሼ፣ መምህር ለመባል የቀረኝ ጥቂት ነበር። በዚያ ዙሪያ ቁራሽ ያልለመንሁበት ደጅ፣ ያልነከሰኝ ውሻ የለም። አንድ በጋ በጣሊያኖች ወጥ ቤት እንጨት እየፈለጥሁ ቋንቋቸውን ለቃቅሜ ነበር፤ ያ ለቀማ ጉድ ሠራኝ። ለንጉሣቸው ክብር በየምሽቱ ሲኒማ እናሳያለን አሉና አስተርጓሚ ሲፈልጉ እኔን ጎትተው ወሰዱኝ። ደመወዜን ብጠይቅ ፊልም አዟሪው ጣሊያን «ሥራ ትማርበታለህ፤ ደመወዝህ እሱ ነው» አለኝ። ስንት ዘመን መጽሐፍ ያንከራተተኝን ሰው ሸራ መወጠርና ሣጥን መሸከም ሊያስተምረኝ! እንቢ እንዳልል፣ እንቢ ያለ ሰው የት እንደሚገባ አይቻለሁ።

ሸራውን ገበያው ዳር በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል እንወጥራለን። ወታደሮች ሰዉን ከየሰፈሩ ነድተው ያመጡታል። እኔ ጎን ቆሜ «ይህ መንገድ ነው፤ ይህ ድልድይ ነው» እላለሁ፤ ሰዉ ዓይን የሌለው ይመስል። ከመንገዱና ከድልድዩ በኋላ በእብናት በኩል የተያዙ አርበኞች ይታያሉ። እጃቸውን የኋሊት ታስረው ገደል አፋፍ ላይ ይቆማሉ፤ ጠመንጃው ይጨሳል፤ ይወድቃሉ። እዚህ ላይ «ሽፍቶቹ ቅጣታቸውን አገኙ» በል ተብያለሁ። የመጀመሪያው ምሽት «ይህ ገደል ነው» ብቻ ብዬ አለፍሁ። አዟሪው በክርኑ ጎሸመኝ።

ይኼኔ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ብድግ አሉ። «ልጄ! የኔ ልጅ ነው!» አንድ ልጃቸው ጫካ ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቶባቸው ነበር። ሞተ ብሎ የሚያረዳ ሰው ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም። ገበያው በሙሉ ሊያለቅስ ተነሣ። አዟሪው ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መዘውሩን ይዞ ፊልሙን ወደ ኋላ አዞረው። ጭሱ ተመልሶ አፈሙዝ ውስጥ ገባ፤ የወደቁት አንድ ባንድ ተነሡ። ልጃቸውም ተነሥቶ ቆመ።

እናት እልል አሉ።

«ተነሣልኝ! መድኃኔ ዓለም አስነሣልኝ!» እያሉ መሬት ሳሙ። ጣሊያኖቹ በሳቅ ተንከተከቱ፤ አንዱማ ፊልሙን ወደዱልን ብሎ አጨበጨበ። እኔ ግን ያን መዘውር ነቅዬ የአዟሪውን ግንባር ብፈነክተው ደስታዬ ነበር። እጄን ብብቴ ሥር ሸጎጥሁ።

ከዚያ ወዲያ እናት ማንም ሳይነዳቸው በየምሽቱ ይመጡ ጀመር። አዟሪው መጫወቻ አገኘ፤ ገና ሲያያቸው ዓይኑን ይጠቅሰኛል። ዘመዶቻቸው እናልቅስለት ቢሏቸው «ቁሞ ላየሁት ልጄ ሙሾ የምታወርዱ እናንተ ማን ናችሁ?» ብለው ከደጃቸው መለሷቸው። ቄሱም እናቱ መርዶ ሳትረዳ እንዴት አድርጌ ልፍታው አሉ። እናም ልጁ ያለ ለቅሶ፣ ያለ ፍትሐት ቀረ። መግደላቸው አንሶ ለቅሶውን ሰረቁት!

ነገሩ አላስተኛኝ ሲል መምህሬን የኔታን አዋየኋቸው። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። «ሙት የሚያስነሣ እግዚአብሔር ነው እንጂ መዘውር አይደለም» አሉ። «እኒያ ሴት መርዶ ያስፈልጋቸዋል። በየምሽቱ ቆመህ ያየህ አንተ ነህና አንተም ትመጣለህ።»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ፣ የኔታና የእኒያ እናት ዘመዶች ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ደጃቸው ቆምን። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ በኛ አገር የማያውቅ የለም። እናት በሩን ከፍተው ሲያዩን ፊታቸው ከሰል መሰለ።

«ልጅዎ ዐርፏል» አሉ የኔታ።

«ማን አየ?» አሉ እናት። መርዶ ሲመጣ ይህ ይጠየቃል፤ ያየ ሰው ከሌለ ማንም አምኖ አያለቅስም።

ወደፊት ወጣሁ። «እኔ አየሁ፣ እሜቴ። በየምሽቱ አየሁ። መውደቁ እውነት ነው። መነሣቱ የፈረንጅ መሣቂያ ነው።»

ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። የነሱ አፍ የሆንሁ አስተርጓሚ አይደለሁ? ቢረግሙኝም አልፈርድባቸውም ነበር። እናት ግን የበሩን መቃን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

«በየምሽቱ ካየህስ ንገረኝ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ መተኮሱ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሲወድቅ ፊቱ ወዴት ነበር?»

«ወደ ገዳዮቹ ነበር። ሌሎቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ እሱ አላዞረም።»

ከበሩ ዞር ብለው መግቢያ ሰጡን።

«በሉ ግቡ» አሉ። «አሁን አልቅሱለት።»