ሽቦና የቀበሌው ጎመን

ጋሽ ቢተው በዕድሜው ሙሉ ከአራት መቶ የማያንስ ጥንቸል አስይዟል። አንዷንም ግን አልቀመሰም። ጥንቸል በኦርቶዶክስ ቤት አይበላም፤ እሱ ደግሞ ጾም የማይሽር፣ ሰንበቴ የማያስታጉል ሰው ነበር። «ታዲያ ለምን ታድናለህ?» ሲሉት «እሷ ትሩጥ ብዬ» ይላል። እሷ የሚላት ውሻውን ነው። ጥንቸሎቹንም የምትበላው እሷው ናት።

የንስሐ አባቱ መምሬ ዑቕባይ በየዓመቱ በጾም መግቢያ ይመረምሩት ነበር።

«እውነቱን ንገረኝ ቢተው፣ መረቁንም አልቀመስክም?»

«አልቀመስኩም አባቴ።»

«ጣትህ ላይ የቀረውንስ?»

«በአመድ ነው የምታጠበው።»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ይፍታህ። ለሞኝነቱ ግን ቀኖና የለኝም።»

ጋሽ ቢተው ከለውጡ በፊት ቦሌ አካባቢ የአንድ ግሪክ ነጋዴ ዘበኛ ነበር። ሰውዬው አደን ይወዳል፤ ጎድናቸው አንድ ባንድ የሚቆጠር፣ ሆዳቸው ከጀርባቸው የተጣበቀ ረጃጅም የሩጫ ውሾች ነበሩት። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሲያያቸው ግሪኩን ስስታም ነው ብሎ አምቶታል። ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ሰውዬው አንድ ሻንጣ ይዞ አገሩ ገባ። ጠመንጃውን ቀበሌ ወሰደው፣ ቪላውን መንግሥት ወሰደው፣ የቀረችውን አንዲት ሴት ውሻ ግን ማንም ሊወርሳት አልፈለገም። ጋሽ ቢተው በገመድ እየሳበ ከላምበረት በላይ ወዳለችው ቤቱ አመጣት። እዚያ ከአንድ የሥጋ ቤት ደጅ አዳሪ ጋር ተዋወቀችና ሽቦ ተወለደች። ሽቦ ከእናቷ እግር፣ ከአባቷ ሆድ ወረሰች።

ሌላም ውሻ ነበረው፤ ጆሮው የተቆረጠ ወንድ የአበሻ ውሻ። የዚህ ስም ሻለቃ ነበር። ለውጡ በመጣ በዓመቱ የጋሽ ቢተው ሚስት ሃረገወይን «ሻለቃ፣ ውጣ ከዚህ፣ አንተ ሌባ» ብላ ጓሮ ሆና ስትጮህ የሰማን ጎረቤቶች በሙሉ በራችንን ዘጋን። በዚያው ቀን ውሻው ዳቦ ተባለ። እሱ ግን ስሙን አልተቀበለም፤ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ዳቦ ብለው ሲጠሩት ዞሮ አያይም ነበር።

ከሽቦ ጋር የሚሠራው ጤፉ ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት ነው። ጧት ጤዛው ሳይረግፍ ይወጣሉ። አንገቷ ላይ ያለችው ጠፍር ቀለበት ውስጥ የምትሾልክ ናት፤ አንዱን ጫፍ ለቀቅ ሲያደርገው ውሻዋ ነጻ ትወጣለች። ጥንቸል ከቃርሚያው ውስጥ ብድግ ስትል ጋሽ ቢተው ወዲያው አይለቅም። አቡነ ዘበሰማያትን ድምፁን አውጥቶ ይጀምርና «ወይኩን ፈቃድከ» ሲል ይለቃታል። ይህ ለጽድቅ ብቻ አይደለም። ፋታ ያላገኘች ጥንቸል ደንግጣ ያገኘችው ቀዳዳ ውስጥ ትወሸቃለች፤ ፋታ ያገኘች ግን በእግሯ ተማምና ቀጥ ብላ ሜዳውን ትይዛለች። ሽቦም ብትሆን ጸሎቱን ለምዳ፣ ከዚያ ቃል በፊት ጠፍሩን አትጎትትም ነበር። በሰፈራችን ያንን ጸሎት በአግባቡ የምታዳምጥ እሷ ብቻ ነበረች ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በ1974 ጥር መጀመሪያ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። የእብድ ውሻ በሽታ ገብቷል ተባለ። ሊቀመንበሩ ጓድ ገብሬ ውሳኔውን አነበበ፦ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የጥበቃ ውሻ ብቻ፣ እሱም በሰንሰለት። የተረፈው ሁሉ የካቲት አንድ ቀን መርዝ ይሰጠዋል።

የጓድ ገብሬ ሙሉ ስም ገብረትንሣኤ ነው። እስከ አሥራ አምስት ዓመቱ ድረስ ዲቁና አገልግሏል። ሊቀመንበር ሲሆን ትንሣኤውን ትቶ ገብሬ ብቻ ቀረ፤ በየስብሰባውም እግዚአብሔር እንደሌለ ያስረዳን ነበር። ያለመታከት ስለሚያስረዳ አንዳንዶቻችን ራሱን ነው የሚያስረዳው እንል ነበር።

ጋሽ ቢተው እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ሁለት አሉኝ።»

«አንዱን ይምረጡ።»

«አንዱ ይጮኻል፣ አንዷ ትሮጣለች።»

«ለጥበቃ የሚጮኸው ነው። ሯጯ ለሰፊው ሕዝብ ምን ትሠራለች?»

ከኋላዬ የተቀመጠው ጎረቤቴ ሾፌሩ ኢሳ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ሳይጮኹ የሚበሉት ሁሉ መርዝ ከተሰጣቸው ጽሕፈት ቤቱ ባዶ ይቀራል» አለኝ። ሳቄን በሳል ሸፈንኩ።

ጋሽ ቢተው ግን አልሳቀም። «የቀበሌውን ጎመን ጥንቸል ነው የሚበላው» አለ። «ጥንቸልን ደግሞ ሽቦ ትበላለች።»

ቀበሌው ከደብሩ በተወሰደው መሬት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጎመን ተክሎ ነበር። ጎመኑ ይጎድላል። ለሦስት ወር ሲጣራ ቆይቶ ሁለት ሰዎች ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ አንደኛው ጎመን ጭራሽ እንደማይወድ በምስክር አስረድቷል። ጥንቸልን የጠረጠረ አልነበረም።

«ታሳየን» አለ ጓድ ገብሬ። «በተግባር ከታየ ትመዘገባለች። ካልታየ ያው ነው። ጥር ሃያ አንድ ጧት።»

ጥር ሃያ አንድ የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነው፤ ደብሩም በእመቤታችን ስም ነው። ጓድ ገብሬ ቀኑን አውቆ ነው የመረጠው። በዓል የሥራ ቀን መሆኑን ሊያሳየን።

የዚያን ቀን ሃረገወይን ለሽቦ ከራሷ ቁርስ ቆርሳ ሰጠቻት። ለስድስት ዓመት «ይቺ አጽም» ስትላት የኖረች ሴት ናት። «ሂጂ እንግዲህ» አለቻት፣ «አታዋርጂን።» ጋሽ ቢተው ሌሊቱን አልተኛም። ያቺን ውሻ በእጁ ነው ከእናቷ ሆድ ስቦ ያወጣት። ልጅ የላቸውም።

ጎመኑ ዘንድ ስንደርስ ጓድ ገብሬ ከጸሐፊውና ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ቆሟል። ከአጥሩ ወዲያ ከበሮ ይሰማል። ጋሽ ቢተው ሽቦን ይዞ በመደቦቹ መካከል ቀስ እያለ ሄደ፤ ጓድ ገብሬ ትከሻው ሥር ነው። አምስተኛው መደብ ላይ ጥንቸሏ ብድግ አለች።

ጋሽ ቢተው አፉን ከፈተ፤ ሊቀመንበሩን አየ፤ አፉን ዘጋ። በዚያ ዘመን ሰው በጸሎት ብቻ አልታሰረም አይባልም። ሳይጸልይ እስከ ስንት መቆጠር እንዳለበት ደግሞ አያውቅም፤ በቁጥር ሠርቶ አያውቅማ። ግራ ገብቶት ጠፍሩን ወዲያው ለቀቀ። ሽቦ እንኳ ተገርማ አንድ ጊዜ ዞራ አየችው።

ፋታ ያጣችው ጥንቸል እንደተፈራው አደረገች። ሜዳውን ትታ በአጥሩ ሽንቁር ቤተ ክርስቲያን ገባች። ሽቦ አጥሩን ዘለለችው።

ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ይህን ልጅም ያውቀዋል። ጋሽ ቢተው እዚያው ጎመኑ መሃል ተቀመጠ። ከአጥሩ ወዲያ ከበሮው ቆመ፤ የሴቶች ጩኸት ተሰማ። ጓድ ገብሬ «ያዟት» ብሎ ወደ በሩ ሮጠ፤ እኛም ተከተልነው።

ግቢው ነጭ ለብሶ በቆመ ሰው ተሞልቷል። ጥንቸሏ ቤተ መቅደሱን ትዞራለች፣ ሽቦ ትከተላታለች። ሦስት ጊዜ ዞሩ። ሦስት ብቻ መሆኑንና አቅጣጫቸውም ትክክል እንደነበረ ጎረቤታችን ወይዘሮ ምንትዋብ ኋላ ለውሻዋ ጥብቅና ሲቆሙ አንስተውታል። በሦስተኛው ዙር ሽቦ ጥንቸሏን ያዘችና፣ ባለቤቷን ብታጣ፣ ካገኘችው ሽማግሌ እግር ሥር አኖረቻት። ሽማግሌው መምሬ ዑቕባይ ነበሩ።

ሰው ሁሉ ግን ያን ጊዜ ወደ በሩ ዞሯል። ጓድ ገብሬ በሩጫ ደጀ ሰላሙ ዘንድ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮፊያውን አወለቀ። ጫማውን አወለቀ። ሦስት ጊዜ አማተበ፤ ጎንበስ ብሎ የበሩን መቃን በግንባሩም በከንፈሩም ተሳለመ። ከዚያ ቀና ሲል አንድ ሺህ ሰው ሲያየው አገኘ።

እግሩ ነው ያስታወሰው እንጂ እሱስ ረስቶት ነበር።

ወይዘሮ ምንትዋብ «እንኳን አደረሰህ ልጄ» አሉት። «ከስተሃል።»

ጓድ ገብሬ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወደ መምሬ ዑቕባይ ሄደ። ጋሽ ቢተውም ከጎመኑ መሃል ተነስቶ፣ በጉልበቱ ሊንበረከክ ደረሰ። ውሻዋ አሁን በመንግሥትም በቤተ ክርስቲያንም ሞት ተፈርዶባታል ብሎ ነው።

መምሬ ጥንቸሏን አይተው፣ ውሻዋን አይተው፣ ጫማውን አዩ። «ውሻ ቅጥሩን ረግጣለች» አሉ። «ለቤተ ክህነት መጻፍ አለብኝ። ስጽፍ ደግሞ ማን ተከትሏት እንደገባ፣ እንዴት አድርጎ እንደገባ ሁሉን እጽፋለሁ። መዋሸት አልችልም።»

ጓድ ገብሬ ላቡን ጠረገ። «የምን ውሻ፣ አባ?»

«ይቺ።»

«እኔ ውሻ አላየሁም። እርስዎስ ተከትሏት የገባ ሰው አይተዋል?»

መምሬ ዓይናቸውን አሻሹ። «ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ጠበሉን ግን እረጫለሁ። ጠበል ትርፍ የለውም።» ወደ ጋሽ ቢተው ዞረው «አንተ ሞኝ፣ ያላየሁትን ውሻህን አውጣልኝ» አሉት።

በማግስቱ ሽቦ ተመዘገበች። ቀበሌው የውሻ ቅጽ ስላልነበረው ጸሐፊው የሰው ቅጽ ሞላላት። ስም፦ ሽቦ ቢተው። የትምህርት ደረጃ፦ የተግባር። የጋብቻ ሁኔታ ላይ ጸሐፊው ቢጠይቅ ሃረገወይን «ተወው፣ ሰፈሩን ታስነሳለህ» አለችው። የመደብ ጀርባ ላይ «እናቷ የቡርዧ ቤት ናት» ብሎ ሲያመነታ ጓድ ገብሬ ራሱ እስክሪብቶ ተቀብሎ «ጭቁን፣ በአባቷ በኩል» ብሎ ጻፈ። ሥራ፦ የጎመን ጥበቃ። ማኅተሙም ተመታ።

የካቲት አንድ ቀን መርዝ አዳዮቹ ባልዲ ይዘው ሲመጡ ጋሽ ቢተው ወረቀቱን ዘረጋላቸው። አንደኛው ሁለት ጊዜ አንብቦ «የአባት ስም ቢተው?» አለው።

«ታዲያ የማን ይሁን?»

ሳቁና አለፉ። ብዙ ደጅ ያን ቀን ጸጥ አለ፤ የእሱ ደጅ በእግዚአብሔር ቸርነት አላለም። ዳቦ ቀኑን ሙሉ ጮኸ።

የካቲት ሃያ አንድ ጧት ጓድ ገብሬ ጋሽ ቢተው ደጅ መጣ። ኮሌታውን አቁሟል።

«ጎመኑን ልጎበኝ ነው» አለ። «ውሻዋን ያውሱኝ።»

«ልምጣ እንጂ ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎን አትሰማም።»

«አያስፈልግም። እንድትሮጥ አልፈልግም። እንድትቆም ነው።»

ጋሽ ቢተው ጠፍሩን ሰጠው። ውሻ የያዘ ሰው ለምን ቤተ ክርስቲያን አልገባህም ተብሎ አይጠየቅም፤ ውጭ አጥሩን ተደግፎ ቢቆምም ለምን ቆምክ የሚለው የለም፣ ውሻ ይዟላ። ጓድ ገብሬ ከጎመኑ ዳር፣ ሽንቁሩ አጠገብ፣ ኮፊያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመ። ሽቦም ጎኑ ተቀምጣ፣ ዜማው ሲወጣና ሲወርድ ጆሮዋን እያቆመች የምትለቀቅበትን ቃል ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለዘጠኝ ዓመት፣ እሷ በእርጅና እስክትሞት ድረስ፣ በየወሩ በሃያ አንድ ተዋሳት።