መልካ ቁንጥሬ የመጨረሻዋ ትሁን

ወርቅቱ የአንድ ሰማያዊ ዩኒፎርም እጅጌ ከስፌት መኪናዋ ሥር እያሳለፈች ሳለ ልጇ አያንቱ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ቀኑ ረቡዕ ነበር። አያንቱ ደግሞ በሥራ ቀን ከቡራዩ ተነስታ ሰበታ ድረስ የምትመጣ ልጅ አይደለችም።

«ምን ሆንሽ? አሞሽ ነው?»

«ደህና ነኝ እማ። ጉድ ሆኜ ነው እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያንቱ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና ቡራዩ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቢሮ ከፍታለች፤ ሥራቸው ሰዎችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ጉብኝት መውሰድ ነው። ለመጪው ሳምንት ቅዳሜ ከሱሉልታ አሥራ ስምንት ጡረተኛ መምህራን ተመዝግበዋል። የጥንት ሰዎች የኖሩበትን መልካ ቁንጥሬን፣ ከአለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምን፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች ሊያዩ ነው። ኮስተሩ ተዘጋጅቷል፣ ሾፌሩ ፈሀድም ተስማምቷል። ቡድኑን ይዞ የሚዞረው አስጎብኚ ግን ትናንት ደውሎ ሐዋሳ ሥራ ማግኘቱን ነገራት፤ በዚያው ስልኩን ዘጋ።

«በየቦታው አስረጂዎች አሉ» አለች አያንቱ። «ከጠዋት እስከ ማታ አብሮ የሚውል፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው ያጣሁት። አንቺ ደግሞ...» አልጨረሰችውም። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ወርቅቱ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። በሦስት ሰዓት መልካ ቁንጥሬ፣ በአምስት ሰዓት አዳዲ ማርያም፣ ከምሳ በኋላ ጢያ፣ ከዚያ መመለስ።

«ይህን ማን አወጣው?»

«እኔ። ቅርቡን አስቀደምኩ፣ ሩቁን አስከተልኩ።»

«ተገልብጧል። መጀመሪያ ጢያ ሂዱ። ስትመለሱ አዳዲ። መልካ ቁንጥሬ የመጨረሻዋ ትሁን።»

«እማ! እሷ እኮ ከሁሉም ቅርብ ናት።»

«ቅርብ ብትሆንስ? ባልጩት የሚታየው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። በረፋድ ብትሄጂ ተራ ጥቁር ድንጋይ ነው የምታዪው።»

አያንቱ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። አባቷ ከሞተ ወዲህ፣ ይኸው ስድስት ዓመት፣ እናቷ ስለዚያ ቦታ ስትናገር ሰምታ አታውቅም።

ወርቅቱ አዋሽ ዳር ወደሚካሄደው ቁፋሮ የሄደችው በሃያ ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነበር። የውጭ ተመራማሪዎች ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ሰምታ፣ ልብስ አጣቢ እሆናለሁ ብላ ሄደች። የሠራተኞቹ አለቃ ኦቦ ሶያማ ግን እጇን ተመለከተና «ይህቺ ወንፊት ላይ ትቀመጥ» አለ። ወንዶቹ በገመድ የተከፈለውን መሬት በትንንሽ ማንኪያ ይፍቃሉ፤ እሷ አፈሩን ትነፋለች። አፈሩ ሲወርድ ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን አንድ በአንድ ታያለች። ስባሪ አጥንት፣ ጥርስ፣ ባልጩት። ባልጩት ማለት ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ድንጋይ ነው።

ሶያማ ፊደል አልቆጠረም፤ ድንጋይ ግን ያነብ ነበር። ሰው የመታውን ውሃ ከሰበረው እንድትለይ ሁለት ወር ሙሉ አስተማራት። ስትሳሳት አይቆጣም። ድንጋዩን መልሶ መዳፏ ላይ ያስቀምጥና «እንደገና እዪው፤ አልቸኮለም፣ ስንት ዘመን ጠብቆሽ የለ» ይላታል። በሁለተኛው ዓመት ወደ መዝገብ ሥራ አሳደጓት። የተገኘውን በላስቲክ ከረጢት ከትታ ቁጥር ትጽፍበታለች። እንዲህ ስድስት የቁፋሮ ወቅት አሳለፈች። ከዚያ አገባች፣ ሰበታ ገባች፣ አያንቱ ተወለደች፤ ወንፊቱም በዚያው ቀረ። ልብስ ስፌት ተማረች። ጎረቤቶቿ ዘንድ እስከዛሬ የምትታወቀው በዩኒፎርም ሰፊነቷ ነው።

«መንገዱን ሳላይ አልሄድም» አለች በመጨረሻ። «ሠላሳ ዓመት ሊሞላው እኮ ነው።»

እሑድ ዕለት እናትና ልጅ ከዓለም ገና ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ጢያ መንገድ ሄዱ። ወርቅቱ በአንድ አሮጌ ደብተር ላይ ሁሉን ትጽፋለች። ሽማግሌዎች የሚያርፉበት ጥላ የት እንዳለ፣ መጸዳጃ ቤት የት የት እንደሚገኝ፣ ወደ አዳዲ የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ የቱ ጋ እንደሚንጥ። አዳዲ ማርያም ስትደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የሚያወርዱትን የአለት ደረጃዎች ቆጠረቻቸውና «ጉልበት የሚያማቸው ካሉ ከላይ ሆነው ማየት ይችላሉ። ደግሞ ጫማ ስለሚወለቅ ሁሉም ካልሲ ይያዙ ብለሽ ጻፊላቸው» አለች። አያንቱ ስልኳ ላይ ጻፈች። ይህ ሁሉ በእሷ ፕሮግራም ላይ አልነበረም።

መልካ ቁንጥሬ ሲደርሱ ወርቅቱ የድሮውን የቁፋሮ ሰፈር በዓይኗ ፈለገች። ድንኳኖቹ የነበሩበት ሜዳ ጤፍ ተዘርቶበታል። ኩሽናው የነበረበትን ጨርሶ ልታውቀው አልቻለችም። አንድ ግራር ፈልጋ አጣችው። ቆም ብላ ዙሪያዋን አየችና «እስኪ አንድ ጊዜ ያንን ቁልቁለት ልየው፤ አንቺ እዚህ ጠብቂኝ» ብላ ሄደች።

ብዙ ቆየች። አያንቱ ተጨንቃ ስትከተላት፣ እናቷን ከቁልቁለቱ ሥር ካለች ትንሽ የአለት ዋሻ አፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ዋሻ ትባል እንጂ ስምንት ሰው ቢገባባት ነው። አንድ ገበሬ ጭድ ከምሮባታል፤ መሬቱ ጥጃ የታሰረበት ይመስላል።

«እማ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ነይ ተቀመጪ።» ወርቅቱ ጭዱን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠቻት። «ይህቺ በፕሮግራሙ ውስጥ የለችም። እንዳታስገቢያትም። አባትሽን ያወቅኩት እዚህ ነው።»

አያንቱ ጭዱ ላይ ተቀመጠች።

«ያልታሰበ በረዶ መጣብን። ሁላችንም ሮጠን እዚህ ገባን። ቦሩ የሚባል ዝምተኛ ቆፋሪ ነበር፤ ከእኔ ጋር እንኳን ወሬ ሰላምታም አይለዋወጥም። ጉድጓዱን በሸራ ሸፍኖ ጫፍ ጫፉን በድንጋይ ካስያዘ በኋላ መጨረሻ ላይ መጣ። በስብሷል። የቀረው ክፍት ቦታ ከእኔ አጠገብ ብቻ ነበር። ተቀመጠና ሳያየኝ መዳፉን ዘረጋ። ሦስት የበረዶ ጠጠር። ‹ይህንንም መዝግቢው፤ ቶሎ ካልጻፍሽው ግን ይጠፋል› አለኝ።»

አያንቱ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። «አባዬ ነው እንደዚህ ያለው?»

«አዎ። ሶያማ እንኳን ዞሮ አየው። ከዚያ በኋላ በረዶው ቆመ፤ እኛ ግን ቶሎ አልወጣንም።»

ቅዳሜ ፈሀድ አያንቱን ይዞ በሌሊት ከቡራዩ ተነስቶ፣ ሱሉልታ መምህራኑን ጭኖ አንድ ተኩል ላይ ዓለም ገና ደረሰ። ወርቅቱ የክት ሹራቧን ለብሳ፣ ደብተሯን ይዛ አስፋልት ዳር ቆማ ነበር። ፈሀድ በሩን ከፍቶ ወረደ።

«አካም ቡልተኒ፣ አዴ ወርቅቱ! ከፊት ይቀመጡ፤ ዛሬ ካፒቴኑ እርስዎ ነዎት።»

«ነገያ ልጄ። አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ከመምህራኑ መሃል ኦቦ ሊቤ የሚባሉ ቁመተ ረጅም ሰው ነበሩ። አርባ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። ኮስተሩ እንደተንቀሳቀሰ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው ጠየቋት።

«እህቴ፣ የተማርሽው አርኪዮሎጂ ነው?»

«አይደለም ኦቦ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው።»

ሽማግሌው «እ...» ብለው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። አያንቱ ከኋላ ሆና ሰምታ ፊቷ ቀላ። ወርቅቱ ግን ደብተሯን ገልጣ ቁርስ የሚቆሙበትን ቦታ ለፈሀድ ታሳየው ጀመር።

ጢያ ላይ ሁሉም ሰመረ። ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ረጃጅም ድንጋዮች የቦታው አስረጂ አስጎበኛቸው፤ ወርቅቱ አንዳች አልጨመረችም። አዳዲ ማርያምም ካልሲ ያልያዘ አልነበረም። በጨለማው የአለት መተላለፊያ አንዲት መምህርት ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች «እንዴት ፈለፈሉት?» ስትል ድምፅዋ አስተጋባ። ምሳ ከዛፍ ጥላ ሥር በሉ። ከአዳዲ ሲወጡ ግን ጥርጊያው ላይ የኮስተሩ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ ነበራቸው፤ ግን ብሎኖቹ አልፈታ ብለው ፈሀድ አንድ ሰዓት ለፋ።

«ሰዓት ሄደብን» አለች አያንቱ እናቷን ወደ ጎን ወስዳ። «መልካ ቁንጥሬን እንተዋት? ገልብጪው ባትዪኝ ኖሮ እኮ ጠዋት አይተናት ነበር።»

ቃሉ ወርቅቱን ወጋት። «እውነትሽን ነው» አለች። «ቢሆንም እንሂድ። ሙዚየሙ ሳይዘጋ እንደርሳለን።»

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። በሙዚየሙ ጎጆዎች ውስጥ የተደረደሩትን የድንጋይ መሣሪያዎች አስረጂው በጥድፊያ አሳያቸው። መምህራኑ ደክመዋል። አንዳንዶቹ ስልካቸውን እያዩ ነበር። ሲወጡ ፀሐይ ዝቅ ብላለች። ወርቅቱ ከፊት ቆማ «እስኪ አንድ ጊዜ ቁሙልኝ» አለች። «ወደ መሬት እዩ። ወደ እግራችሁ ሳይሆን ራቅ አድርጋችሁ፣ ወደ ፀሐይዋ አቅጣጫ።»

ክረምቱ ያጠበው መሬት ላይ፣ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ ከዚያም በየቦታው፣ ጥቃቅን ብርሃን ብልጭ ብልጭ አለ።

«ወይኔ!» አለች አንዲት መምህርት። «ይህ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ባልጩት። እኛ ሠራተኞቹ ወደ ድንኳን ስንመለስ በዚህ ሰዓት ነበር የምናየው።»

ኦቦ ሊቤ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱ። «ታዲያ ይህ የጥንት ሰው የሠራው ነው?»

ወርቅቱ ተቀብላቸው ወደ ብርሃኑ ገለበጠችው። «አይደለም፤ ይህን የሰበረው መኪና ነው። ጠርዙ ትኩስ ነው፣ የተመታበት ነጥብ የለውም።» ጥቂት ተራምዳ ሌላ አነሳች። «ይህንን ግን ይዩት። እዚህ ጫፉ ላይ ነው የተመታው። ከሥሩ እንደ እብጠት ያበጠ አለ። ጣትዎን ያሳርፉበት። ከዚያ ወዲህ እንደ ውሃ ሞገድ ክብ ክብ እያለ ይሄዳል። ይህ ድንገት አይመጣም። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ አስቦ፣ ይህቺን ነጥብ መርጦ ነው የመታው። ያ ሰው የተቀመጠው እርስዎ የቆሙበት አካባቢ ይሆናል።»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን እብጠቱ ላይ አድርገው ቆዩ። መምህራኑ ከበቧቸው፤ ስልካቸውን የሚያይ አልነበረም።

«አርባ ዓመት» አሉ ኦቦ ሊቤ። «አርባ ዓመት ስለ ድንጋይ ዘመን አስተማርኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን እስላለሁ፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። አንድ ቀን በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር። ገለቶሚ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ጠዋት ያንን የጠየቅኩሽን እርሺልኝ።»

«ምን አጠፉ ኦቦ? ጠየቁኝ፣ መለስኩልዎ።»

«አንቺ ያገኘሽው አለ እዚህ?»

«ብዙ አግኝቻለሁ። በከረጢት አድርጌ ቁጥር ጽፌበት ይሄድ ነበር። የት እንዳለ አላውቅም። በዚያን ጊዜ ቁጥሩ እንዳይሳሳት ነበር ጭንቀቴ። አሁን ግን እንዲህ ስቆም የሚናፍቀኝ ድንጋዩ አይደለም። ወንፊቱ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው ድምፅ ነው። ሶያማ ከዚያ ማዶ ሲጣራ...» ወደ ጤፉ ማሳ ጠቆመች።

ከዚያ ድንጋዮቹን የተነሱበት ቦታ መልሳ አስቀመጠቻቸው፤ ኦቦ ሊቤም ማንም አንዲት ጠጠር እንኳን በኪሱ ይዞ እንዳይሄድ ተማሪ እንደሚቆጣጠሩ ሁሉ ዞር ዞር ብለው አዩ።

በመመለሻው ላይ መምህራኑ በኦሮምኛ እየዘፈኑ፣ እየተሳሳቁ መጡ። ዓለም ገና ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ምንም አልቀራትም። ጉልበት የሚያማቸው ሳይቀሩ ሁሉም ወርደው ተሰናበቷት። ኦቦ ሊቤ እጃቸውን ዘርግተው «ሆራ፣ ቡላ» ብለው መረቋት። አያንቱም ፈሀድን ሸኝታ ከእናቷ ጋር ለማደር ቀረች።

ቤት ሲገቡ ወርቅቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። አያንቱ ውሃ አሙቃ በሳፋ አቀረበችላትና እግሯ ሥር ተቀመጠች።

«እማ፣ ስለ ሰዓቱ የተናገርኩሽን...»

«ተዪው። ጎማ እንደሚፈነዳ ማን ያውቃል? በሚቀጥለው ለአዳዲ መንገድ አንድ ሰዓት ትርፍ እንይዝለታለን።»

አያንቱ ቀና ብላ አየቻት። እናቷ «በሚቀጥለው» ማለቷን ራሷም ያስተዋለች አትመስልም። እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ዓይኗን ጨፍናለች።

«አባዬ ዛሬ ቢኖር ምን ይል ነበር?»

ወርቅቱ አሰበች። «ምንም አይልም። ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ይሰማኝ ነበር። እኔ ሳወራ ዝም ብሎ መስማት ይወድ ነበር።»

ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ ቦሩ ሲያወሩ ቆዩ።