ለውሻችን የመጣው የእርሾ ዱቄት

ለፋሲካ ወደ ቤት ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ከደብተሮቼ ሌላ አንድ ግማሹ ያለቀ ቆርቆሮ ነበር። ላዩ ላይ ምላሱን ያወጣ ወፍራም ውሻ ሥዕል አለው። ውስጡ ቡናማ ዱቄት ነው፤ ሲከፈት የሊጥና የደረቀ ዶሮ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። የሰጠችኝ የዶርም ጓደኛዬ ናት። ቤተሰቦቿ አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉራም የውጭ ውሻ ያሳድጋሉ። ከገና በኋላ እናቴ ደውላ የውሻችን ሆድ አልቆም ብሎ እንደከሳ ስትነግረኝ ጓደኛዬ ሰምታ ነበር። ከእረፍት ስትመለስ ከእነሱ ውሻ የተረፈውን ይዛልኝ መጣች።

«ከእርሾ የተሠራ ነው፤ ለሆድ ጥሩ ነው» አለችኝ።

የገናው ሕመም ግን ዱቄቱ ሳይደርስለት በራሱ ጊዜ ተወው። እኔም ቆርቆሮውን አልጋዬ ሥር አስቀምጬ ረሳሁት። ለፋሲካ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ አየሁትና፣ ምናልባት ብዬ ያዝኩት። በአቀስታ በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ክዳኑ እየተከፈተ ልብሴ ሁሉ ዶሮ ዶሮ ሸተተ።

ቤታችን ከመካነ ሰላም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባቴ የደብሩ ቄስ ናቸው። በግቢያችን የንስሐ ልጆቻቸው ይመላለሳሉ፤ ውሻውም ሌት በጎቹን ይጠብቃል፣ ቀን እንግዳውን እያየ ዝም ይላል። በፋሲካ ማግስት ሆዱ እንደገና ተበላሸ። ሰኞ ሌሊት ጅብ እስከ አጥሩ መጥቶ ሲጮህ፣ አባቴ እንደነገሩን፣ ውሻው ከአመዱ ላይ ቀና ብሎ አይቶ ተመልሶ ተኛ።

ማክሰኞ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። ደጃፉ ላይ ሊረግጠው የነበረውን የውሻውን ቅዘን አይቶ ዘለለ።

«አባ፣ ይሄ ውሻ ነው ወይስ የተቀደደ አቁማዳ?»

«ታሟል» አሉ አባቴ።

«ለገናም ታሞ ነበር። ጅብ ሲመጣ የሚተኛ ውሻ ምን ያደርግላችኋል? እኔ ዘንድ ቡችሎች ተወልደዋል። ለዳግማይ ትንሣኤ አንዱን ይዤ እመጣለሁ፤ ይሄን እኔው ወስጄ እገላግላችኋለሁ።»

የት እንደሚወስደው ሁላችንም እናውቃለን። ከአጎቴ ቤት በታች ገደል አለ። አባቴ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ «እስከ እሑድ እንየው» አሉ። እኔ ሮጬ ቆርቆሮውን አመጣሁ።

እናቴ ተቀብላ አሸተተችው። «ከምንድን ነው አልሽ?»

«ከእርሾ።»

«እርሾማ ሞልቶኝ የለ! ከሊጡ ቀንሼ ልስጠው፤ የጠላውም አተላ አለ።»

«አይሆንም እማ። ጥሬ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ያብጣል፤ ያሰክረዋልም። ይሄኛው ሌላ ነው፤ የሞተ እርሾ ነው።»

«እኔ ያቦካሁት ያሰክራል፣ ሞቶ በቆርቆሮ የመጣው ያድናል?» ብላ ሥዕሉን አየች። «ደግሞ ዶሮ ዶሮ ይላል። እኛ ሁለት ወር የዶሮ ሽታ ሳናውቅ ከርመን፣ የአዲስ አበባ ውሻ በዶሮ ይታከማል።»

እርሾ ስኳር በልቶ አየርና አልኮል እንደሚያወጣ ተምሬያለሁ። ሞቶ ምን እንደሚሠራ ግን አልተማርኩም። ለጓደኛዬ ጻፍኩላት። መጀመሪያ «የሞተ ነው» ብላ መለሰች፤ ትንሽ ቆይታ «ሕያውም ያለበት መሰለኝ፤ ጀርባውን አንብቢው» አለች። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቆ ግማሹ ጠፍቷል። የሚነበበው ለአሥር ኪሎ ክብደት አንድ ማንኪያ እንደሚሰጥ ብቻ ነው። ውስጡ የነበረው ማንኪያም የለም። የትኛው ማንኪያ እንደሆነ ስጠይቃት «ትንሿ» አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «መሰለኝ» ብላ ጨመረች።

ረቡዕ ጠዋት እናቴ ስንዴ ልታስፈጭ ስትሄድ ውሻውን በገመድ ይዤ ተከተልኳት። ወፍጮ ቤቱ ሚዛን አለው። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሲያዩኝ ጨዋታቸውን አቋረጡ።

«የቄሱ ልጅ፣ ውሻ ልታስፈጪ ነው?» አለኝ ባለወፍጮው።

«ልመዝነው ነው። ለመድኃኒት ኪሎውን ማወቅ አለብኝ።»

«እዚህ ላይ እኮ የሰው እህል ነው የሚወጣው! ውሻ መዝኜ ነገ ማን ያስፈጭልኛል?»

«በኪሎ ስንት ልትሸጪው ነው?» አለች አንዷ፤ ሁሉም ሳቁ። ያኔ እናቴ ስንዴዋን አራገፈችና ባዶውን ጆንያ ውሻው ላይ ጠቅልላ ከመሬት ብድግ አደረገችው። ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ካመጣሁት ስንዴ ይቀላል። ሃያ ኪሎ ቢሆን ነው» አለች። ለዓመታት እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት የተመላለሰች ሴት ናትና ማንም አልተከራከራትም። ወደ እኔ ዞራ «ጆንያውን ግን አንቺ ነሽ የምታጥቢው» አለችኝ።

ሃያ ኪሎ፣ ሁለት ማንኪያ። እቤት እንደገባሁ በራሰ እንጀራ ለውሼ ሰጠሁት። በላ። ሐሙስም ጠዋት ሰጠሁት። ለውጥ ስላላየሁ የሻይ ማንኪያ ነው የሾርባ ማንኪያ ብዬ እንደገና ተጨነቅሁ። ዓርብ ከሰዓት ግን ከጎተራው ሥር ተነሥቶ ግቢውን ዞረ። ያወጣውም ጠጠር ያለ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ እንደምደሰት ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

«እሰይ» አለች፣ «ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለዚህ ነው?» ቢሆንም እየሳቀች ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዱቄቱን ልሰጠው ስወጣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ከቤቱ ጀርባ አጎንብሰው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ጥለው የእንጀራ ድርቆሽ በውሃ እያራሱ የውሻው መብያ ገል ላይ ያደርጋሉ። አጠገባቸው አሮጌ ቅርጫት ተደፍቷል። ከሥሩ የበጉ አጥንት፣ የተረፈ ስብና አንጀት ይታያል። የሦስት ቀን ትርፍራፊ ነው።

«ምን እያደረጉ ነው አባ?»

ወደ አጥሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጾም አስገብቼዋለሁ።»

«በሃምሳው ቀን?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ቄሱ ሰውን በሃምሳው ቀን ጾም የለም እያሉ ውሻቸውን ያስጾማሉ ይሉኛል።»

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን በየዓመቱ ለሕዝቡ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።

«ለገና ፍቺ አመመው» አሉ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ለፍልሰታ ፍቺ አመመው። አምና ለፋሲካም እንደዚሁ። እኛ ስንጾም እሱም ሽሮ በነካው እንጀራ ይከርማል። ከዚያ በአንድ ቀን ስብና አንጀት እናወርድበታለን። የሰውም ሆድ እኮ በፋሲካ ማግስት ያጉረመርማል። ስለዚህ ወደለመደው መለስኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረቡዕ። ረቡዕ ነው፣ ለጾም የተለመደ ቀን ነው ብዬ።»

«እኔም ዱቄቱን የጀመርኩት ረቡዕ ነው!»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያዳነው ዱቄቱ ነው ወይስ ጾሙ?»

«እኔ ምን አውቄ? የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉ። ሊያሾፉብኝ ፈልገው አልነበረም፤ እንድመልስላቸው እየጠበቁ ነበር።

ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። የላቦራቶሪ መምህራችን በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይሩ ይሉናል። ለማወቅ ከሁለቱ አንዱን ማቆም ነበረብኝ። ዱቄቱን ባቆምና ቢያገረሽበት? አጥንቱን ብንሰጠውና ዱቄቱ ባይችለው? አጎቴ ነገ ነው የሚመጣው። ለገናም ያለ ዱቄት፣ ያለ ጾም በራሱ ጊዜ ተሽሎት እንደነበር ትዝ ሲለኝ ይብስ ግራ ገባኝ። ሁለት ማንኪያዬን አባቴ ባራሱት ድርቆሽ ላይ በተንኩና አብረን ሲበላ አየነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ ቡችላውን በዘንቢል ይዞ መጣ። በሩን ሳያልፍ ውሻችን ከጎተራው ሥር ተወርውሮ ጮኸበት። አጎቴ ዘንቢሉን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ያዙልኝ! ይሄ ነው የሞተው?»

«ልጄ በዱቄት አዳነችው» አሉ አባቴ ሳያዩኝ።

አጎቴ ቆርቆሮውን አስመጥቶ አገላበጠው። ከዚያ ጠጋ አለኝ። «አብሽሪ የእኅቴ ልጅ! እስኪ ለኔም ቆንጥሪልኝ። ወንዱ ውሻዬ ከበዓሉ ወዲህ ሆዱን ይዞታል።»

በወረቀት ቋጠርኩለት። «በቀን ሁለት ትንንሽ ማንኪያ» አልኩት። አባቴን ላለማጋለጥ ብዙ አሰብኩ፤ ግን ዱቄቱን ብቻ ሰጥቼ ልሸኘው አልቻልኩም። «ደግሞ እስኪሻለው አጥንትና ስብ እንዳትሰጠው። ድርቆሽ በውሃ ብቻ።»

«ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«ታዲያ ማን አለ?»

«ለእኛ ውሻ ያደረግነው እንደዚህ ነው። የትኛው እንዳዳነው አላውቅም። ሁለቱንም አድርግ።»

«በሃምሳው ቀን ውሻዬን ላስጾም?» ብሎ ሳቀና ወደ አባቴ ዞረ። «አባ፣ ይፈቀዳል?»

«ጾም የሚባለው ለሰው ነው» አሉ አባቴ ጺማቸውን እያሻሹ። «ለውሻ አጥንት መከልከል ነው።»

ምሳ በልቶ፣ ቡችላውን እንዳመጣው በዘንቢሉ ይዞ ሄደ። ውሻችን መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ጮኸበት። አባቴ አንድ የጎድን አጥንት በመዳፋቸው ደብቀው ወደ በረንዳው ወጡና አጠገቤ ቆሙ።

«ጅቡን ሊያባርር ነው እንግዲህ» አሉ። «ዛሬ አንዲት ብሰጠው ምን ይመስልሻል?»

ውሻው እጃቸውን እያየ ጭራውን ይወዘውዛል። ቆርቆሮው ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር የለም፤ ደብተሬም ላይ የለም።

«አላውቅም አባ» አልኩ።

አባቴ አጥንቱን አዩት፣ ውሻውን አዩት፣ ከዚያ አጥንቱን ወደ ቅርጫቱ ሥር መለሱት።

«እንግዲያው እስከ ረቡዕ ይቆይ» አሉ።